የጾም በያይነቱ ታክስ

ጥር 25፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ዩለስ ከተማ ነዳጅ ስሞላ አንድ ካርቶን ውሃ ገዛሁ። ታክስ ጨምረውበታል። ውሃ በቴክሳስ አይታክስም። ለገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ ደረሰኙን አሳየኋት፣ አልገባትም። ሥራ አስኪያጁን አስጠራሁ። ከኋላዬ ስድስት ሰው ቆሞ ነበር... ይቁም። ስርጉት መኪና ውስጥ ሆና ፊቷን አዙራለች።

“ለሃምሳ ሳንቲም?” አለችኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት አብራኝ ኖራ አሁንም አልገባትም። ጉዳዩ ሳንቲሙ አይደለም። ሰው የሚሠራበትን ሕግ ማወቅ አለበት።

ጥር 28

እትዬ ዕፀገነት ኧርቪንግ ከተማ ወደምሠራበት ሆቴል፣ ሒሳብ ክፍል ድረስ ደወሉልኝ። ባለፈው ወር አንድ የስቴት ኦዲተር ሱቃቸው መጥቶ ወረቀት ሲያገላብጥ ሰንብቶ ነበር። አሁን ደብዳቤ ላከ።

“ናና አንብብልኝ፣ ወንድሜ። ዓይኔ ነው መሰለኝ፣ ቁጥሩ በዛብኝ።”

ባለቤታቸው ካረፉ ጀምሮ ሱቋን የያዙት ብቻቸውን ነው። ጤፍ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ መሶብ፣ ጥግ ላይ ደግሞ በያይነቱ።

“ቅዳሜ እመጣለሁ። ወረቀቱን በየወሩ ለይተው ይጠብቁኝ” አልኩ። ተቆጥቼ ነው ያልኩት። ምን አስቆጣኝ?

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ደብዳቤውን አነበብኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ በያይነቱ ላይ ታክስ አልሰበሰቡም። ታክሱ፣ ወለዱ፣ መቀጫው... ሱቋን የሚያዘጋ ነው።

“አይታክስም” ያልኳቸው እኔ ነኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በዐቢይ ጾም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይ። “ሰዉ ከቅዳሴ ሲወጣ በያይነቱን አስጠቅልሎ ይዞ ነው የሚሄደው። ታክስ ላድርግበት?” ብለው ጠየቁኝ። “ወደ ቤት የሚወሰድ ምግብ አይታክስም” አልኩ። “እስቲ ደግመህ እየው” ሲሉኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፦ “እትዬ፣ እኔ አንድ ነገር ሁለቴ አልናገርም።”

ዛሬ ምን አሉ? “ጥፋቱ የኔ ነው። የነገርከኝን በደንብ አልሰማሁህም።”

እኔስ? “ለወደፊቱ ይጠንቀቁ” አልኩ። አዎ፣ እንደዚያ አልኩ።

የካቲት 2

ሕጉን አወጣሁ። የመጀመሪያው አንቀጽ፦ ዱቄት፣ ቅመም፣ በላስቲክ የታሸገ እንጀራ አይታክስም። ያኔ ያነበብኩት እዚህ ድረስ ነው። ሁለተኛው አንቀጽ፦ ተዘጋጅቶ፣ ለመበላት ደርሶ የሚሸጥ ምግብ ይታክሳል፤ ገዢው ይዞት ቢሄድም። ስምንት ከሩብ በመቶ። ስድስት ከሩቡ የስቴቱ፣ ሁለቱ የከተማው እና የመሰሎቹ።

እንጀራው ያው እንጀራ ነው። ወጥ ሲፈስበት ሕጉ ይለወጣል። ግማሽ ገጽ ወረድ ብዬ ባነብ ኖሮ...

ሌላውን ሰው ግን ስንቴ ነው “እስከ መጨረሻው አንብብ” ብዬ የጮህኩበት?

የካቲት 3

አልደወልኩላቸውም።

የካቲት 6

ፍቅሩ ኤርፖርት ተሳፋሪ አውርዶ ሲመለስ ሆቴሉ በር ላይ አገኘኝ። ታክሲ ነጂ ነው፣ ወሬ ከሱ አያመልጥም።

“ሚስተር ታክስ! ሰማህ አይደል? እትዬ ዕፀገነት ሱቁን ሊሸጡት ነው።”

“ማን አለ?”

“ራሳቸው ናቸዋ። ሶ፣ አንተ ነግረሃቸው ነበር አሉ፣ እሳቸው ናቸው ያልሰሙት። አንተን ያልሰማ መቼም...” ሳቀ።

ስሜ በሳቸው ኪሳራ ሲወደስ ቆሜ ሰማሁ። “ኦኬ፣ ሥራ አለብኝ” ብዬ ገባሁ።

ማታ እራት ላይ ለስርጉት ነገርኳት። ሹካዋን አስቀመጠች።

“ባለሙያ ጠይቀው ተሳስተው ከሆነ ምንም አይደረግላቸውም?”

“ታክሱ አይቀርም። መቀጫው ግን ሊነሣ ይችላል። ያሳሳታቸው ሰው ከጻፈላቸው።”

“ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?”

ምን እጠብቃለሁ? በየዓመቱ አርባ ቤተሰብ ታክሱን በኔ ያሠራል። ያንን ደብዳቤ ከጻፍኩ በኋላ ማን ይመጣል? ይህን አልነገርኳትም። ሳልነግራት ገብቷታል።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ጻፍኩ። አንድ ገጽ። “የተሳሳተውን ምክር የሰጠኋቸው እኔ ነኝ” የሚለውን አራት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኩት።

ሱቅ ሄጄ ሰጠኋቸው፣ በአማርኛም ነገርኳቸው። ሽሮ እየመዘኑ ነበር። ማንኪያውን ሽሮው ውስጥ ተከሉት። ስድብ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

“ያን ቀን ደግሜ ስጠይቅህ ለምን ተቆጣኸኝ?”

የሚዛኑን ቁጥር ማንበብ ጀመርኩ።

“ልክ አልመሰለኝም ነበር እኮ። ምግብ ቤት ስበላ እኔም ታክስ እከፍላለሁ። ይዤ ስወጣም። ግን አንተ የተማርክ ነህ፣ ሰዉም ሳቀ። አፈርኩ፣ ተውኩት።”

እሳቸው ያውቁ ነበር። ያላወቅሁት እኔ ነኝ። ያፈሩትም እሳቸው...

“ይቅርታ ያድርጉልኝ” አልኩ። “እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ” አሉ። እሳቸው ይቅር ማለታቸው ይሁን አይሁን አልገባኝም። መጠየቅም አልደፈርኩም።

የካቲት 14

ፎርት ዎርዝ፣ ኦዲተሩ ቢሮ። አብሬያቸው ገባሁ። ደብዳቤውን አንብቦ ቀና ብሎ አየኝ። “ይሄ አንተ ነህ?” አለኝ። “እኔ ነኝ” አልኩ። እትዬ ዕፀገነት የቦርሳቸውን ማንገቻ ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። ያፈሩት ለኔ ይመስል።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

መቀጫው ተነሣ። ታክሱና ወለዱ በየወሩ ይከፈላል። ሱቁ አልተሸጠም። ከአርባዎቹ ቤተሰቦች ዘንድሮ የመጡት አሥራ ሰባት ናቸው።

ዛሬ የወሩን የሽያጭ ዝርዝር ይዤላቸው ሄድኩ። ድሮ የት ልፈርም ብቻ ነበር የሚሉት። ዛሬ ወንበር ሳቡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጣታቸውን በያንዳንዱ መስመር ላይ እያስኬዱ ወረዱ። ነጠላ ለብሶ የቆመ ደንበኛ እንኳ አስጠበቁ።

“እዚህ ጋ መሶቡን ከጤፉና ከሽሮው ጋር ደምረኸዋል።”

“የቱ ጋ?”

“ይኸው። ታክስ የለውም ብለሃል። መሶብ ይበላል እንዴ?”

ፊቴ ጋለ። ደንበኛው ይሰማል። አፌን ከፈትኩ...

“ተሳስቻለሁ” አልኩ።

“አስተካክለው” አሉና፣ ቀና እንኳ ሳይሉ ወደሚቀጥለው መስመር ወረዱ።