ቀጣሪዬም አበልጄም

ኅዳር 2 ቀን 1968፣ ረቡዕ

ሰሌዳው እንደገና ነጥቷል። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ወቅጬ፣ በቅጠል ጭማቂ ለውሼ ቀባሁት። ሳይደርቅ አቶ ዘለቀ ገብስ የተጫኑ አህዮች እየነዱ ገቡ። ከወገዳ ገበያ ያስመጡት ነው። ልጆቹን ከአግዳሚው አስነስተው ጆንያ ደረደሩበት። ሀ ሁ እያልን ገብስ ተቆለለብን።

ት/ቤቱን የከፈቱትም ከወላጅ ክፍያ የሚቀበሉትም እሳቸው ናቸው። በሬዲዮ ሰምተዋል፤ የግል ት/ቤት በዐዋጅ የሕዝብ ሆኗል። እኔንና አዲሱ የሚባለውን የሂሳብ አስተማሪ ወደ ጓሮ ጠሩን። ማንም ቢጠይቃችሁ ይህ መኖሪያ ቤቴ ነው፣ እናንተም ዘመዶቼ ናችሁ አሉ። «ዋሸሁ እንዴ፣ አበልጅ?»

አልዋሹም። አስጸያፊው እሱ ነው። ሰው ሲቀጥሩ ውል አይጽፉም፤ የሰውየውን ልጅ ክርስትና ያነሳሉ። ልጄን ጥሩወርቄን በሰማንያ ቀኗ ታቀፉልኝ፤ ብዙም ሳይቆይ ማስተማር ጀመርኩ። የአዲሱን ልጅም እንዲሁ። የዘበኛውንም። አበልጁን ውል ጻፍልኝ የሚል ማን አለ? ማንስ ይከሳል? ይህን ሁሉ ዓመት፣ ማስታወሻዬ፣ ዝምድና ይመስለኝ ነበር።

ኅዳር 4፣ አርብ

ከትምህርት ጽ/ቤት አንድ ሰው መጡ። ጭቃ እስከ ጉልበታቸው። ዐዋጁን አስረዱን። ት/ቤት ነው ተብሎ ከተመዘገበ መምህራኑ ከነሥራቸው ይቀጥላሉ። ደመወዝ ከመንግሥት። ባለቤቱ ደስ ስላላለው ብቻ ማባረር የለም። መኖሪያ ቤት ነው ከተባለ ግን መምህርም የለ፣ ሥራም የለ። እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ይለያል።

ስንተኛ ክፍል ደርሰዋል አሉኝ። የትም። ንባብ የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። አልሳቁም። የምጠይቀው ማስተማርዎን ነው አሉ።

አዲሱ ጨፈረ። «እትዬ፣ የመንግሥት ሰው ልንሆን እኮ ነው! ዘለቀ ባስነጠሱ ቁጥር ይማርዎ ማለት ቀረ!» ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቻለሁ።

ኅዳር 5፣ ቅዳሜ

አቶ ዘለቀ ለጥሩወርቅ ነጠላ ይዘው መጡ። ልጅቷ ለብሳው ስትዞር ዋለች። ስለ ስብሰባው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ይኸው አለመተንፈሳቸው ቀፈፈኝ።

ኅዳር 6፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ፣ ቀበሌው ግቢ። ሴቶች ከኋላ። አቶ ዘለቀ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱ። ት/ቤት የሚባል ነገር አላውቅም አሉ። «የአበልጆቼን ልጆች ሰብስቤ ፊደል ባስቆጥር በደልኩ?»

ሰዉ አልበደሉም አለ። ልጁን ከፍሎ የሚያስተምረው ያው ሰው! አንዱ ከጥግ፣ «እኔ የምከፍለውስ የክርስትናውን ነው?» አለ። ተሳቀ፤ በሳቅ አለፈ።

የትምህርት ጽ/ቤቱ ሰው አዲሱን ጠየቁት፤ ተቀጥረህ ነው? ጫማውን እያየ፣ ዘመድ ነን አለ። ዘመድ! ለካ አቶ ዘለቀ የገብሱን መጋዘን ኃላፊነት ሰጥተውታል፤ ሚስቱ ናት የነገረችኝ።

ወደ እኔ ሲዞሩ አቶ ዘለቀ ቀደሙ። «አበልጄማ ነውር ታውቃለች።» ከፊት የተቀመጡት ቄስም አዩኝ። በአበልጅ ላይ መመስከር እዚህ ምን ማለት እንደሆነ ልጽፈው አያስፈልግም። ነጠላዬን አፌ ላይ ጎትቼ አቀረቀርኩ። ነገ ይቀጥላል ተባለ።

ቤት ገብቼ አፌን ደጋግሜ ተጉመጠመጥኩ። ምንም ሳልናገር ቆሸሸ።

ኅዳር 7፣ ሰኞ

ሄድኩ። ዛሬ ከፊት ተቀመጥኩ። ተነሳሁ።

«አቶ ዘለቀ፣ ልጄን ክርስትና ያነሱልኝ እርስዎ ነዎት፤ እግዜር ይስጥልኝ። የቀጠሩኝም እርስዎ ነዎት። እሷ የክርስትና ልጅዎ ናት። እኔ ሠራተኛዎ ነኝ።»

«ነውረኛ! ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ!»

የጥጉ ሰው ተነሳ፤ እኔም ለትምህርት ነው የከፈልኩት አለ። አንዷም እናት ተነሳች። ከዚያማ ሁሉም ትዝ አለው። የጽ/ቤቱ ሰው ት/ቤት ብለው መዘገቡ። ገብሱ ይውጣ ተባለ።

ደስ ይበለኝ? ትናንት አልበደሉም ያሉት ናቸው ዛሬ ያጨበጨቡልኝ። ጭብጨባቸውም አስጠላኝ።

ከሰዓት አዲሱ መጣ። ደጃፍ ላይ ቆመ፤ ግባ አላልኩትም። ከመምህራኑ ስም ውስጥ የሱ የለም፤ ዘመድ ነኝ ብሏላ። «እትዬ፣ አንድ ቃል ብቻ ቢሉልኝ።»

«መጋዘኑስ?» አልኩት።

«ገብሱ እኮ ሊወጣ ነው» አለ። አያፍርም! እንዲህ ብሎ ነው የመለሰልኝ።

ሸኘሁት። ብተወው ደስታዬ ነው። ግን ሰባራ ጠመኔ ይዞ፣ ላብ እያጠመቀው ልጆቹን ሂሳብ ሲያስተምር አይቻለሁ። አስተምሯል። ፈሪ መምህርም መምህር ነው፤ ዐዋጁ ፈሪን አይጨምርም አይልም። ዝም ብል እኔም እንደ አቶ ዘለቀ የነበረውን አልነበረም ማለቴ ነው።

ነገ የጽ/ቤቱ ሰው መኪና ሳይሳፈሩ እሄዳለሁ። መምህራኑ ሁለት ነን እላቸዋለሁ።

ለአዲሱ ግን አልነገርኩትም። ለዛሬ እንቅልፍ ይጣ።