ዋሻው የመሰከረልሽ ቀን

ለባለቤቴ ለየሻረግ፣

ከሄድሽ ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ሊገባ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እኔው ራሴ ነኝ፤ በሰው አላስጻፍሁም። እንደማታምኚኝ አውቃለሁና እደግመዋለሁ፣ እኔው ነኝ። የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ጨርሻለሁ። መምህሩ በክፍሉ ውስጥ እንዳንተ ያለ አንድም የለም ብሎኛል። በእርግጥ ይህን ያለኝ ወሬ ባበዛሁበት ቀን ነው፤ ቢሆንም ብሎኛል።

ቤቱ ደህና ነው። የሚያፈሰውን ቆርቆሮ አስጠግኛለሁ። ቀይዋ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋ እንዳንቺ ግትር ናት፣ በር ላይ ከቆመች አታሳልፍም። ልጃችን ደምበጫ ሆና ሁለተኛ ልጇን ተገላግላለች። የሕፃኑ አፍንጫ የኔን ይመስላል ይላሉ። ዕድለኛ ልጅ ነው።

የጻፍሁልሽ ግን ስለ ዋሻው ልነግርሽ ነው።

ያን ጊዜ የማርያም ማኅበር ተራው የኛ ነበር። ጠላው እየተቀዳ ስለ ዝናብ ወሬ ተነሣ። አንቺም አያትሽ የነገሩሽን አወራሽ፤ በልጅነታቸው ሰማዩ ተዘግቶ፣ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ እንኳ ለዓመታት ቆሞ እንደነበር፣ ሲመለስም መጀመሪያ የወረደው ቀይ እንደነበር። እኔ አላስጨረስሁሽም። "ዋሻ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቀይ ወጥ የሚሠራው?" አልሁ። ማኅበርተኛው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ በበጋ፣ ምንጩ ሲደርቅ፣ እንስራሽን አዝለሽ ወደ ዋሻው ስትወርጂ ያየሽ ሁሉ "የሻረግ፣ ወጡ ደረሰ ወይ?" ይልሽ ጀመር። ፈገግ ብለሽ ታልፊ ነበር። እኔም ቀልዴ የጣመሽ መስሎኝ ኖርሁ። ብቻ የአያትሽን ነገር ዳግመኛ በሰው ፊት አንስተሽ አታውቂም። ይህን ያስተዋልሁት አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው።

ባለፈው በጋ ከከተማ ተመራማሪዎች በመኪና መጡ። የጥንቱን ዝናብ ከዋሻ ድንጋይ ላይ እናነባለን አሉ። ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን አሁን አንባቢ ስለሆንሁ በሙያ ጓደኞቼ አልሳቅሁም። ዋሻውን የሚያውቅ ማን አለ ቢሉ፣ ማንም ሳይቀድመኝ "እኔ አለሁ፤ ዓይኔን ብታስሩኝ እገባበታለሁ" አልሁ። ዓይኔን ገልጬ፣ ሦስት ባትሪ እየበራልኝ፣ ጠፋሁ። ሁለት ጊዜ ዞረን እዚያው ተመለስን። ዋሻውን የምታውቂው አንቺ ነበርሽ እንጂ እኔ መቼ ውሃ ቀድቼ አውቃለሁ።

በኋላ መሬቱ ላይ አንድ ነጭ ክብ አየሁ። እንስራሽን የምታስቀምጭበት ቦታ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ከእንስራው አፍ እየተረጨ የወረደው ውሃ ኖራውን ትቶ ሲደርቅ፣ የእንስራሽን መቀመጫ ከብቦ ድንጋይ ሆኗል። ተንበርክኬ እጄን አሳረፍሁበት። ከተመራማሪዎቹ አንዷ "ደከመዎት ወይ፣ አባባ?" አለችኝ። አዎ አልሁ፤ ደከመኝ ብዬ የማላውቀው ሰውዬ።

ከክቡ አጠገብ ከመሬት ወደ ላይ አድጎ ድሮ የተሰበረ የድንጋይ ዓምድ ወድቆ ነበር። የቆመውን አንነካም ብለው እሱን ወሰዱ። እያንዳንዱ ጠብታ ትንሽ ኖራ ጥሎ ስለሚሄድ፣ ድንጋዩ እንደ ስስ ልብስ እየተደራረበ ያድጋል አለችኝ። ዝናቡና ድርቁ በየድርቡ ላይ ምልክት ይተዋሉ፤ ጠብታው ሲቆም ድንጋዩም ማደጉን ያቆማል።

ከፋሲካ በኋላ ድንጋዩን ለሁለት ሰንጥቀው፣ አለስልሰው ይዘውት ተመለሱ። ነጭ ነው፣ ነጭ ነው፣ ከዚያ አንዲት ቀይ መስመር፣ እንደ ጥለት ክር። ተመራማሪዋ ጣቷን አሳርፋ፣ እዚህ ላይ ውሃው ለዓመታት ቆሟል፣ ሲመለስ ግን ቀይ አፈር ይዞ ወርዷል አለች። ዘመኑን ስትነግረኝ ቆጠርሁት፤ አያትሽ ልጅ የነበሩበት ነው። ያየችውን በአንድ ወረቀት ላይ በአማርኛ እንድትጽፍልኝ ለመንኋት፤ በትልልቁ ጻፈችልኝ።

ያን ወረቀት ይዤ ማኅበሩ ላይ ቆምሁ። የንስሐ አባታችን አምጣ ላንብብልህ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። እኔው ነኝ የማነበው አልኋቸው። በጣቴ እየተከተልሁ፣ ፊደል በፊደል ሄድሁ። ጎረቤታችን ያረጋል "አንተ ሰውዬ፣ እስክትጨርስ ሌላ ድርቅ ይገባል" አለ። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ግን አላቋረጥሁም። ቀይ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ያረጋል ዋንጫውን መሬት አስቀመጠ። ጨርሼ ወረቀቱን አጠፍሁና እዚያ ያልተጻፈውን ጨመርሁ፤ የሻረግ እውነቷን ነበር፣ ያሳቅሁባት እኔ ነኝ አልሁ። ስለ ወጡ አብዝቶ ይጠይቅሽ የነበረው ያው ያረጋል ነበር። ከመቀመጫው ተነሥቶ ነፍስሽን ይማር አለ። ሁሉም ተነሡ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አለመኖርሽ ይቆጨኛል። ሌላው ግን ደህና ነው፤ ልቤም ቀለል ብሎታል።

አሁን እንስራሽን የማዝለው እኔ ነኝ። ወንድ እንስራ አዝሎ ሲሄድ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ። ሴቶቹ ከመንገድ ዳር "ስማቸው፣ ወጡ ደረሰ ወይ?" ይሉኛል። እንደ አንቺ ፈገግ ብዬ አልፋለሁ፤ እንዳንቺ ግን አያምርብኝም። ከዋሻው ስገባ እንስራውን ክቡ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ልክክ ይላል። ከዚያ ቁጭ ብዬ ጠብታውን አዳምጣለሁ፣ ስላንቺም አስባለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ የሻረግ፣ ያ ክብ ማደጉን አያቆምም።

ባልሽ ስማቸው፣ በገዛ እጁ