የባቡሩ የፊተኛ ግማሽ

ኤቮራ፣ በየካቲት መገባደጃ

ለተከበርሽው የወጣትነት ጓደኛዬ፣

ይህ ደብዳቤ አርሁስ ሲደርስ በረዶው ደጃፍሽን ለቆ፣ ጉልበትሽም ደረጃ መውጣት ፈቅዶልሽ ያግኝሽ። ልጅሽስ እንደምን አለ? ያ እንደ ባለቤት ወንበር ይዞ የሚመገበው ድመትሽስ? በእኔ በኩል ስለ ጤና የሚነገር ብዙ የለም። ዓይኔ ጥቂት ደክሟል፤ ሆዴ ግን እንደ ተማሪነቱ ዘመን የቀረበለትን ሁሉ ይቀበላል። የዳኝነቱን ወንበር ባለፈው መስከረም አስረክቤአለሁ። በመሰናበቻዬ ዕለት የተደረጉት ንግግሮች እጅግ ከማማራቸው የተነሣ፣ ስለ ማን እንደሚወራ እስከ መጨረሻው እርግጠኛ አልነበርኩም። አሁን ጧት ጧት የሎሚ ዛፎቼን ውኃ አጠጣለሁ። የሚከራከረኝ ጠበቃ ስለሌለ ቶሎ እጨርሳለሁ።

ኦርኔላ አራታችን በግንቦት ሙኒክ ላይ እንድንገናኝ የላከችው ጥሪ እንደ ደረሰሽ አውቃለሁ። ኢኛኪ በዚያኑ ዕለት «እመጣለሁ፣ ብቻ የምተኛበት አዘጋጁልኝ» ብሎ መለሰ። አንቺ ግን «እስቲ ጉልበቴን ልየው» ብለሽ ዝም አልሽ። ይህን የምጽፍልሽ ስለዚያ ዝምታ ነው። እንድትመጪ እፈልጋለሁ። ሰው የሚፈልገውን በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲያስቀምጥ ባለጉዳዮቼን አጥብቄ እጠይቅ ነበርና፣ እኔም አስቀመጥኩት።

ልጄ ቤኔዲታ እኛ በነበርንባት በሙኒክ የልውውጥ ተማሪ መሆኗን ባለፈው የገና ካርድ ነግሬሻለሁ። ትምህርት ላይ ናት ማለቴ ግን ትንሽ ማጋነን ሳይሆን አይቀርም። አንድ አርብ ከፕራግ ትደውላለች፣ በሚቀጥለው ከቬኒስ፣ ከዚያ ደግሞ ስሟን ደግሜ ከጠየቅኋት ከተማ። «ትምህርቱስ?» ስላት «ይኸው እየተማርኩ አይደል እንዴ፣ አባዬ!» ትለኛለች፤ ከኋላዋ ሰው አኮርዲዮን ይጫወታል፣ ሌላው ይስቃል። ልቆጣት እሞክርና አንደበቴ አይታዘዘኝም። እኛስ ከዚህ የተሻለ ምን ሠራን? በአንድ ኮሪደር፣ በአንዲት ማእድ ቤት የተገናኘን አራት ሰዎች፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ወደ ጣቢያ ስንሮጥ አልነበር? ኦርኔላ ከመጽሐፎቿ ባርኔጣዎቿ ይበዙ ነበር። ኢኛኪ ባቡሩ ገና ሳይንቀሳቀስ ያንኮራፋ ነበር። በጓደኛ ጓደኛ ቤት ወለል ላይ እየተኛን፣ የምንበላውን ዳቦ በጉልበታችን ላይ እየቆረስን ስንት አገር አየን!

የማእድ ቤታችንንም ሕግ አልረሳሽውም ብዬ እገምታለሁ። በጉዞ ላይ ያዘገየን ወይም የጠፋብን ሰው እሑድ ለሁላችን ያበስላል፣ ድስቱንም ያጥባል፤ ይግባኝ የለውም። ኢኛኪ ቬሮና ላይ አንድ እግር ጫማውን ጥሎ ባቡር ካስመለጠን በኋላ ያበሰለልን በድንች የተጠበሰ እንቁላል እስከ ዛሬ በሕልሜ ይመጣል።

ወደ ተራራው የሄድንበትን ያን የመጋቢት ቅዳሜ ላንሣልሽ። በዚያ አገር አንዳንዱ ባቡር እንደ ውርስ መሬት መንገድ ላይ ለሁለት ይከፈላል። የእኛው የኋለኛው ግማሽ ወደ ተራራው፣ የፊተኛው ግማሽ ወደ ሐይቁ የሚሄድ ነበር። እኛ ሦስታችን ከኋላ ተቀመጥን። አንቺ «ፊት ፀሐይ አለ፣ እዚያ እሞቃለሁ» ብለሽ ሄድሽ። ጥቂት ቆይቼ፣ እናቴ ከቤት የላከችልኝን በቢላ የሚቆረጥ ማርማላታ ላቀምስሽ ብዬ ተነሣሁ። ሰጥቼሽ ወዲያው ልመለስ ነበር። ወሬ ያዘን። በአንዲት ትንሽ ጣቢያ ባቡሩ ቆመ፣ ትንሽ ተንገጫገጨ፣ ተነሣ። በመስኮት ስመለከት የኋለኛው ግማሽ ተገትሮ ቀርቷል፤ የኦርኔላ ቀይ ባርኔጣ መስኮቱ ላይ ይውለበለባል፣ ኢኛኪ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። «ውይ! ተለያየን እኮ!» አልሽ። ፊትሽ ላይ ያየሁትን ነገር ያን ጊዜ ድንጋጤ ብዬ መዘገብኩት።

ሐይቁ ዳር ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ ነበር። በእኔ ጃንጥላ ሥር ትከሻ ለትከሻ ተጠግተን ዳክዬዎቹን የማርማላታውን ትርፍ አበላናቸው፤ አንዷ ወደደችው፣ ሌሎቹ ንቀውን ሄዱ። ከዚያ ወደዚያች ትንሽ ምግብ ቤት ገብተን የመመለሻ ባቡር መቼ እንደሆነ ባለቤቲቱን ጠየቅሽልን። ያቺ ደልዳላ ሴት ሁለታችንንም ከላይ እስከ ታች አይታን ምን እንዳለች ተርጉመሽልኛል፦ «ልጆቼ፣ ባቡሩስ በየሰዓቱ አለ፤ እናንተ ግን የምትቸኩሉ አትመስሉም።» ሾርባ አመጣችልን። አልቸኮልንም።

አመሻሽ ላይ ስንመለስ ኢኛኪ የማእድ ቤቱ በር ላይ ማማሰያ ይዞ ቆሞ «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ዳክዬዎች! ድስቱ ናፍቋችኋል!» እያለ ተቀበለን። ኦርኔላማ «ተራራው ያምር ነበር፤ እናንተ ግን ምን ታውቁና!» ብላ ሳምንቱን ሙሉ ተሳለቀችብን። እኛም ፍርዳችንን ፈጸምን። የአገሬን በጨው የደረቀ ዓሣ በጋራ መታጠቢያው ውስጥ ዘፈዘፍነው፤ የፎቁ ነዋሪ ሁሉ በዚያ ብርድ መስኮቱን ከፈተ። አንቺ እየዘፈንሽ ድንች ላጥሽ፣ እኔ ድስት ፈተግሁ። በኋለኛው ዘመኔ በብዙ ሰዎች ላይ ፈርጃለሁ፤ የዚያን እሑድ የእኔን ያህል ደስ ብሎት ቅጣቱን የፈጸመ ሰው ግን አላየሁም።

ሰኔ ሲገባ አባቴ ታመመ፣ ተጠራሁ፣ ሄድኩ። ደብዳቤአችን መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ኋላ በየገናው ሆነ። ሕይወት ለሁለታችንም መልካም ነበረች፤ አናማርራትም። አንቺ ቤትሽንና ልጅሽን አገኘሽ። እኔም እስከ ዕረፍቷ ቀን ድረስ ቤቱን በሳቅ የሞላችውን ማርጋሪዳን አገኘሁ። አሁን አንቺም እኔም ለየብቻችን ጠረጴዛ እናሰናዳለን፤ ልዩነቱ አንቺ ዘንድ ድመት መኖሩ ነው።

ታዲያ ባለፈው ቅዳሜ ቤኔዲታ ደወለችልኝ፤ የት ሆና ብትይ፣ ከዚያው ሐይቅ ዳር። «አባዬ፣ አንተ የጠፋህበት ቦታ ነኝ! ግን እንዴት አድርገህ ጠፋህ?» አለችኝ። ባቡሩ ስለሚከፈል ነዋ ብዬ በክብር አስረዳኋት። እሷ ግን በሳቅ ልትሞት ደረሰች። በየበሩ ላይ የት እንደሚሄድ የሚናገር ሰሌዳ አለ፤ ትኬት ተቆጣጣሪውም በየፉርጎው እየዞረ ይናገራል አለችኝ። እሷም የልጅ ነገር ሆኖባት፣ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበውን ተቆጣጣሪ ዱሮም እንዲህ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው። «እኔ ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ በዚህ መስመር ሳይፈልግ የሚጠፋ ሰው የለም» አላት።

እንግዲህ ስልኩን ካስቀመጥኩ ወዲህ የዛፎቹ ውኃ ማጠጫ በእጄ እንዳለ መዝገቡን እንደገና ስመረምር ሰነበትኩ። ከአራታችን ጀርመንኛ ከልጅነቷ የተማረች አንቺ ብቻ ነበርሽ። የመድኃኒት ጠርሙስ ጽሑፍ የምታነቢልን፣ ከቤት አከራዩ ጋር የምትከራከሪልን አንቺ ነበርሽ፤ ያቺ ሰሌዳ ብቻ እንዴት አመለጠችሽ? ፀሐይ አለ አልሽ፤ ጧት ከሙኒክ ስንነሣ ይዘንብ ነበር። ሐይቁ ዳር ከቦርሳሽ ያወጣሻቸው የተቀቀሉ እንቁላሎችም ሁለት ነበሩ፤ አራት ሰዎች ለምንጓዝ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው፦ ለአፍታ ቦታ ቀይሮ ሊመለስ ያሰበ ሰው ዕቃውን መቀመጫው ላይ ይተዋል እንጂ፣ እንደ አንቺ ካፖርቱንና ቦርሳውን አንጠልጥሎ አይሄድም።

ፍርድ አልሰጥም። ተከሳሽ ሳይሰማ መፍረድ ከእኔ ልማድ ውጭ ነው። ቃልሽን በአካል ቀርበሽ እንድትሰጪ ግን እጠራሻለሁ። በግንቦቱ የመጀመሪያ ቅዳሜ ጧት ያንኑ ባቡር እንሳፈራለን። ኦርኔላ ወደ ተራራው መውጣት ትሻለች። ኢኛኪ «እኔ መቼም እተኛለሁ፣ ተራራ ይሁን ባሕር ምን ቸገረኝ» ብሏል። እኔ የፊተኛው ግማሽ ውስጥ እሆናለሁ፤ እንቁላሎቹን በዚህ ጊዜ እኔ እቀቅላለሁ። የሐይቁ ዳር መንገድ ሜዳ ነው፤ ለጉልበትም ከተራራ እንደሚሻል ማንም ሐኪም ይመሰክርልኛል። ከኋላ ከእነ ኦርኔላ ጋር ብትቀመጪም ቅር አልሰኝም። ለዳክዬዎቹ ሰላምታሽን አድርሼ አመሻሽ ላይ እመለሳለሁ፤ ወዳጅነታችንም እንደ ነበረ ይቀጥላል። ምርጫው በፍጹም የአንቺ ነው፤ ሰሌዳውን ማንበብ ደግሞ ታውቂበታለሽ።

ቤኔዲታ ይህን ምርመራዬን በስልክ ሳነብላት በጥሞና አዳመጠችኝ። ሕግ የምታጠና ልጅ ናት፤ በመጨረሻ «እሺ አባዬ፣ ማርማላታ ሰጥቶ ወዲያው ሊመለስ የነበረው ሰውዬ ጃንጥላውስ ሐይቁ ድረስ በምን መጣ?» ብላ ጠየቀችኝ። ችሎቱ ለምሳ ተነሥቷል ብዬ ስልኩን ዘጋሁባት።

ጉልበትሽን እግዚአብሔር ያበርታልሽ። ቤትሽን ሙቀት፣ ገጽሽን ሳቅ አይለየው፤ ልጅሽም ያሰበው ይሙላለት። ድመቱንም ለግንቦት አደራ የምትሰጪው ጎረቤት አይጥፋ።

እሑድ ድስት አብሮሽ ያጠበ ጓደኛሽ