ከደረጃ የወደቀው ወጣት

አቃቂ፣ ጥር 12 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ሙሀመድሁሴን፣

አጥንትዎ እንደምን ከርሟል? የእኔ፣ አላህ ይመስገን፣ እስከ ዛሬ አንድም አልጎደለም።

«ራጅ ተምረሽ ሥራ ታገኛለሽ ወይ?» ላሉኝ፣ ሐሳብ አይግባዎ። ገና ሳልመረቅ ሥራው በመኪና ተጭኖ እምማርበት ሆስፒታል ድረስ ይመጣልኛል። ቀበሌያችን አንድም ፎቅ የለውም፤ ሰዉ ግን በየቀኑ ከደረጃ ይወድቃል።

ዛሬ ጠዋት የአብዮት ጥበቃዎች ፊቱን በጆንያ የሸፈኑት ወጣት አመጡ። አሥሩም ጣቶቹ ደቅቀዋል። ይዘውት የመጡት ወረቀት ስም የለውም፤ «ከደረጃ የወደቀ» ይላል።

«ጓድ፣ በጣቶቹ ነው እንዴ የወረደው?» አልኩት አንዱን።

«አንሺ ብቻ! አለበለዚያ ደረጃውን ላንቺም እናሳይሻለን።»

ራጁን አነሳሁ። ግራ ክንዱ ላይ ትንሽ ጠመም ብሎ የዳነ የቆየ ስብራት አለ፤ እንደ እርስዎ ያለ ወጌሻ የጠገነው ይመስላል።

ወንድሜን ደርዊሽን ቀበሌው «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» ብሎ ከወሰደው ሦስት ሳምንት ሆነው። ሰዓታቸው ሳይዘገይ አልቀረም።

ለፈተና ስለምፈልገው ነው፤ ደርዊሽ እኔ ሳልወለድ ከዛፍ ወድቆ እርስዎ የጠገኑለት ክንዱ ግራው ነበር ወይስ ቀኙ? ቀኙ ነው ብለው ቢጽፉልኝ ጉልበትዎን እስማለሁ።

ለእናቴ ሰላም ይበሉልኝ፤ የፈተናውን ነገር ግን አያንሱባት።

የእህትዎ ልጅ
ሀኪማ