የአያትሽ ቀለበት

ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ፤ ፈጣሪ ከእሳት ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ የወርቅ መሥሪያ ቤታችንን ጣሪያ ደፈንኩት ይላል፤ ዛሬም ያፈሳል።

በላክሽልኝ ደብዳቤ፣ ሁለት ብረቶችን ለማዋሃድ ስለምትሞክሪው ምርምር አስተማሪሽ "ሁለቱ ብረቶች በዓይን በማይታይ ቅንጣት ውስጥ አይዋሃዱም፤ ተይው" ማለቱን ሳነብ ሳቄ መጣ። አንጥረኛው አያትሽም "ሴት ያቀለጠችው ወርቅ ይሰነጠቃል" እያሉ ከምድጃው ያባርሩኝ ነበር። አንድ ቀን ለምሳ ሲሄዱ ወርቅና መዳብ አቅልጬ ቀለበት ሠራሁላቸው። አባትሽ የሠራው መስሏቸው እስኪሞቱ ድረስ ከጣታቸው አላወለቁትም። እኔም ዝም አልኩ።

አንቺ ግን እንዳትተይው። ሰባት ጊዜ ቢከሽፍብሽ ስምንተኛውን ሞክሪ፤ አስተማሪሽ የማን ልጅ እንደሆንሽ ይወቅ።

ከፍ ከፍ በይልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ የተሳካልሽ ቀን እንደ እኔ ዝም እንዳትይ፣ በሥራሽ ላይ ስምሽን ጻፊበት።

እናትሽ