ሰባቱን የዛፍ አበቦች በአሸዋ ያደረቁት የወይዘሮ ወለተሐና ገብረ ጻድቅ የሕይወት ታሪክ

ጎረቤታችን ወይዘሮ ባፈና ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ወሬ ይዘው ኖረዋል፤ «ወለተሐና ለጣሊያን አበባ ገብራ ባሏን አስፈታች» ይላሉ። በማኅበር ብለውታል፣ በወፍጮ ቤት ብለውታል፣ ትናንት ድንኳኑ ሲተከልም ብለውታል። ዛሬም ከፊት ተቀምጠው ያዳምጣሉና ነገሩ ከሥሩ ይነገር።

ወይዘሮ ወለተሐና ከአባታቸው ከቄስ ገብረ ጻድቅና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተጊዮርጊስ በ1901 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። ወንድሞቻቸው ዳዊት ሲደግሙ እሳቸው ከበሩ ኋላ ሆነው እያደመጡ ፊደል ለዩ። አክስታቸው «ሴት ልጅ ዳዊት ደግማ የት ልትቀድስ ነው?» ቢሏቸው፣ የታላቅ ወንድማቸውን ስሕተት እዚያው አረሙ። በ1917 ዓ.ም. ከመሪጌታ ወልደ ሰንበት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ገብረ ሕይወትንና ወርቅአገኘሁን ወለዱ።

ከሙያቸው ሁሉ ስማቸውን ያስጠራው አበባ ማድረቅ ነው። በአንኮበር ጫካ፣ በትልልቅ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ሥሩን አጣብቆ የሚኖር፣ የተማሩ ሰዎች ኦርኪድ የሚሉት ነጭ አበባ አለ። የሚፈነዳው በክረምት ነውና ማኅሌተ ጽጌ ሲደርስ ረግፎ ያልቃል። ወይዘሮ ወለተሐና ይህን አበባ ለጽጌ አቆይተው የእመቤታችንን ሥዕል ሊያስጌጡበት ተነሡ። መጀመሪያ የአገሩን ሰው ሁሉ ስሕተት ሠሩ። አንኮበር ላይ ከጉም የሚተርፈው ጢስ ያገኘው ብቻ ነው ስለሚባል፣ አበባውን እንደ ዘር በቆሎ ከምድጃው በላይ ሰቀሉት፤ ጠቁሮና ተፈርፍሮ ሱረት መሰለ። ቀጥሎ ታጥቦ በተነፋ የወንዝ አሸዋ ውስጥ ቀበሩት። ጠርዙ ቢጠይምም ቅርጹ አልጠፋም፤ በቤተ መቅደሱ ደብዛዛ ብርሃን ያምር ነበር።

በሰኔ 1929 ዓ.ም. የጣሊያን ወታደሮች መሪጌታ የሚያገለግሉበትን ቤተ ክርስቲያን በረበሩ፤ መሪጌታ ወልደ ሰንበትንም «አርበኛ ደብቀሃል» ብለው ወደ ደብረ ብርሃን ምሽግ ወሰዷቸው። በዚያ ሰሞን ከገባ የሚወጣ ጥቂት ነበር። ባለቤታቸው ስንቅ ይዘው ሲመላለሱ ቆይተው አንድ ቀን ከአስተርጓሚው አፍ ተስፋ ሰሙ። የምሽጉ አዛዥ በብርበራው ቀን በሥዕሉ ዙሪያ ያየውን አበባ ወዶታል፤ ጥቁረት የሌለባቸው ሰባት አበቦች ከመስቀል በፊት ቢመጡለት እስረኛውን ይለቃል ተባለ። በመስታወት አድርጎ ለእናቱ ሊልክ ነው አሉ። ለእመቤታችን የታሰበውን ለጠላት መስጠት እሬት እሬት ቢላቸውም፣ «እሷም ልጇን አዝላ ተሰዳለች፤ ጭንቅ ታውቃለች» ብለው ወደ ጫካው ወጡ።

ነሐሴ ነበርና በቤታቸው አሸዋው ራሱ አላበው፤ አበባው ሻገተ። ከአልዩ አምባዋ ነጋዴ ከወይዘሮ ዙቤዳ ያሕያ አሞሌ ገዝተው፣ ፈጭተው ሞከሩ። ጨዉ ራሱም ቀለጠ፣ አበባውንም አቀለጠው። ሳይቀጠፍ የቀረው አበባ ከዛፉ ጫፍ ያለው ብቻ ሆነ። ይህን ሲሰሙ ወይዘሮ ዙቤዳ ሳቁባቸው። «እህቴ፣ ጨው የእናንተን ጉም ይጠጣል፤ አሸዋችሁም ያው ነው። እኔ ጋ ቆላ አውርጂው። እዚያ እንኳን አበባ አማትም ትደርቃለች» አሏቸው።

የሁለት ልጆች እናት፣ የመሪጌታ ሚስት፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከዛፉ ጫፍ ወጡ። ጤዛው ካለፈ በኋላ ሰባቱን ቀጥፈው በኮባ ቅጠል ጠቅልለው አልዩ አምባ ወረዱ። ሁለቱ ሴቶች ፀሐይ ላይ የዋለ አሸዋ በገበቴ አድርገው፣ በጣታቸው መሐል እያንጠባጠቡ አበቦቹን ቀበሩና ከጥላ ሥር አኖሩ። በአሥራ አንደኛው ቀን አበባውን አልጎተቱም፤ አሸዋውን በጎን አፈሰሱት እንጂ። የተረፈውን ትቢያ በዶሮ ላባ ጠረጉ። ሰባቱም እንደ ተቀጠፉ ነጭ ሆነው ወጡ።

አበቦቹን በሣጥን አድርገው መስከረም 12 ቀን 1930 ዓ.ም. ለአስተርጓሚው አስረከቡ። በሦስተኛው ቀን መሪጌታ በእግራቸው ከምሽጉ ወጡ። እፎይ! ነገሩን ሁሉ በመንገድ ሰምተው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ዛፍ ላይ ስትወጪ ሰው አይቶሻል?» የሚል ነበር። ወይዘሮ ወለተሐናም «ጉም ነበር፤ ቢያዩኝም ጦጣ ይሉኛል እንጂ ወለተሐና አይሉኝም» አሏቸው። ጫጫ ድረስ ሲሳሳቁ ሄዱ የሚሉ አሉ፤ ጫጫ ግን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገዳቸው ላይ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የጽጌን አበባ አልዩ አምባ እያወረዱ አደረቁ፤ ለአጥቢያው ልጃገረዶችም አስተማሩ። መሪጌታ በ1951 ዓ.ም. ቀድመዋቸው አርፈዋል። እሳቸውም በአስም ሕመም ሲታመሙ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 1964 ዓ.ም. በስልሳ ሦስት ዓመታቸው፣ በልጆቻቸው መካከል፣ ሳይጨነቁ ዐረፉ። ሁለት ልጆችና ዘጠኝ የልጅ ልጆች ትተዋል፤ ወይዘሮ ዙቤዳም ከአልዩ አምባ ወጥተው ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል። እመቤታችን በጽጌዋ ወራት ያገለገሏትን እናታችንን አትርሳቸው፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ታስቀምጥልን።

ይህ ጽሑፍ ሊነበብ ሲል ያ አስተርጓሚ፣ አቶ ገብረመንፈስቅዱስ፣ ከዘራ ተደግፈው ለቅሶ ደረሱ። አዛዡ የእስረኞቹን መፍቻ ፈርሞ ወደ አስመራ የሄደው ሣጥኑ ከመድረሱ ከስምንት ቀን በፊት እንደ ነበር፣ እስረኞቹም የዘገዩት ወረቀቱ እስኪፈጸም ብቻ እንደ ሆነ ተናገሩ። አበቦቹን ጣሊያን አላያቸውም። በአቶ ገብረመንፈስቅዱስ ቤት ግድግዳ ላይ በመስታወት ውስጥ አሉ፤ እስከ ዛሬ ነጭ ናቸው።