አሥራ ሁለተኛው ተክል

ሰኞ

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፤ ለጨዋታው ከፈጠርኋቸው አሥራ ሁለት ተክሎች አሥራ አንዱ በዓለም ላይ የሉም። አሥራ ሁለተኛው አለ። ከጓሮዬ አጥር ሥር በቅሏል። መርዝ ነው።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ማንጠግቦሽ ወንፊት ልትዋስ መጥታ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ሥዕል አየች። ማንበብ አትችልም። ጣቷን ቅጠሉ ላይ አድርጋ፣ «አስተናግርን ደግሞ ምን ልትሆንሽ ሣልሻት?» አለችኝ። አበባውን ሰማያዊ ስላደረግሁት የተሸሸገ መስሎኝ ነበር። ቅጠሉ ያው፣ እሾሃማ ፍሬው ያው፣ የሚበቅልበት ቦታ ያው። ሽታውን ሳይቀር ጽፌዋለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፍ። ብሩክ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር ይጠግናል። ከጓደኞቹ ጋር የሚና ጨዋታ እየሠራ ነው። ያገር ካርታና የሚወረወር ባለነጥብ ዳይስ ይዘው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ይተርካል፤ ሌሎቹ ነጋዴ፣ ሽፍታ፣ መነኩሲት እየሆኑ ምድረ ጠል በምትባል አገር ውስጥ ይጓዛሉ። መጋቢት ላይ መጥቶ «ቲቸር፣ አገሩን ሠርተናል፤ ግን ሣር እንኳ የለውም» አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን የለም።

ለእያንዳንዱ ተክል አራት ጥያቄ አወጣሁ። ውሃ ከየት ያገኛል? ዘሩን ማን ይበትንለታል? ማን ይበላዋል? ሲቆረጥ ምን ይሆናል? አራቱን ያልመለሰ አይገባም። ብሩክ ቢቆርጡት እሳት የሚደማ ዛፍ ፈልጎ ነበር፤ ውርጭ ባለበት ደጋ ላይ አያድግም ብዬ ከለከልሁት። በምትኩ ፍሬው በበቅሎ ሆድ ካላለፈ የማይበቅል ቁጥቋጦ ሰጠሁት። በዓመት አንድ ስንዝር ወደ ውሃ የሚሄድ የድንጋይ ሽበትም ሰጠሁት። እስከ አሥራ አንድ እንዲህ በረታሁ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ደከመኝ። የተጠየቅሁት የጠጣው ሰው ጀምበር እስክትወጣ መዋሸት የማይችልበት ተክል ነው። ወደ ጓሮ ወጣሁና ያየሁትን ሣልሁ።

የሙከራው ቅጂ ሦስት ቦታ ተልኳል። አማኑኤል፣ ደብረ ወርቅ፣ አምበር። የአምበሩ ነው የሚያስጨንቀኝ።

ማክሰኞ

ብሩክን አስጠራሁት። ሳቀብኝ። «ቲቸር፣ ጨዋታ እኮ ነው። ዘንዶም አለበት፤ ዘንዶ ፍለጋ የወጣ ሰው ግን የለም።» ዘንዶ አጥሬ ሥር አይበቅልም አልሁት። ሳቁን አቆመ። ገጹን ከኮምፒውተሩ ላይ እፊቴ አጠፋ። አማኑኤልና ደብረ ወርቅ ደወለ፤ ሁለቱም ገጹን ቀደናል አሉ። ሁለት ወጣ። አንድ ቀረ።

የአምበሩን ቡድን የምትመራው ይታይሽ ናት። እሷም ተማሪዬ ነበረች፤ ዛሬ እዚያ ባዮሎጂ ታስተምራለች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስድስት ሆነው ይጫወታሉ፣ ለአንድ እሑድ አንድ ተክል። ስጋቴ ከዚህ ይጀምራል። ክፍል ውስጥ የማይጣስ ሕግ ነበረኝ፤ በእጃችሁ ያልያዛችሁትን ተክል እንዳታወሩልኝ እል ነበር። ይዘው፣ ቀጥቅጠው፣ አሽትተው፣ ቀምሰው ነው የሚናገሩት። ይታይሽ ይህን ሕግ ወደ ጨዋታው ወስዳዋለች። ለእያንዳንዱ የምድረ ጠል ተክል የሚመስለውን ከየጓሮው ያመጣሉ። የጠል ሻይ የሚለው ምዕራፍ ላይ ጦስኝ አፍልተው ጠጥተዋል። ይህን ስትጽፍልኝ ኮርቼ ለማንጠግቦሽ ሁለት ጊዜ አነበብሁላት።

የፊታችን እሑድ አሥራ ሁለተኛው ነው።

ስልኳ አይገባም። የጽሑፍ መልእክት ላክሁ፦ «አሥራ ሁለተኛውን ተክል አታምጡ። አትቅመሱ። መርዝ ነው።» ይድረስ አይድረስ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኅዳር ሚካኤል

ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ያጥናል፤ ከተማው በጢስ ታፍኗል። ጓንት አድርጌ አጥሬ ሥር ያለውን ነቀልሁ። አሥራ አራት እግር። ማንጠግቦሽ ተቀብላኝ ወደ እሳቱ ልትጥለው ስትል እጇን ያዝሁ። ጢሱም ደህና አይደለም። ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። አፈሩን በእግሯ እየረገጠች፣ «ከእኔም አጥር ሥር አለ፤ ከወፍጮ ቤቱም ጀርባ አለ። ያገሩን ሁሉ ልትቀብሪው ነው?» አለችኝ።

ዐሥር ሰዓት ላይ የይታይሽ መልስ ገባ። እንዳለ እገለብጠዋለሁ።

«ቲቸር፣ እንኳን አደረሰዎ። አይጨነቁ፣ ከምላስ ጫፍ አናሳልፈውም። ካልቀመስነው ደግሞ ጨዋታው አይጥምም። እርስዎስ ስንቱን ቅጠል ያስቀምሱን አልነበር? ምን ሆንን?»

ወዲያው ደወልሁ። አልገባም። እንደገና ደወልሁ። ከዚያ በኋላ ኔትወርኩ ጭራሽ ጠፋ።

ምን ሆንን።

ሌላ ነገር ዛሬ አልጽፍም።

ሐሙስ

ማለዳ መናኸሪያ ሄድሁ። ወደ አምበር የሚወጣ መኪና የለም። ተራ አስከባሪው «መንገዱ አልተከፈተም፣ እናቴ» አለኝ። መቼ ይከፈታል ብዬ ብጠይቀው ወደ ሰማይ አየ።

ያለኝ፦ ሦስት ቀን። የሌለኝ፦ ስልክ፣ መኪና፣ እስከ አምበር የሚያደርስ ጉልበት።

ደብዳቤ ብጽፍ የሚያደርስልኝ አይጠፋም ብዬ ተቀመጥሁ። የመጀመሪያውን የመርዙን ምልክቶች በተራ ቁጥር ዘርዝሬ ጻፍሁት። ሳነበው የፈተና ወረቀት ሆነ። ቀደድሁት። ሁለተኛው ልመና ሆነ፤ እሱንም ቀደድሁት። ይታይሽን አውቃታለሁ። ምክንያት ካልሰጧት እሺ ብላ የራሷን ታደርጋለች። እንዲህ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ደግሞም ሁለቱም ወረቀቶች የጠየቀችኝን አልመለሱም።

እጄ ሥራ ሲፈታ ስለሚብስብኝ አዲስ አሥራ ሁለተኛ ተክል ጀመርሁ። ባዶ ገጽ ብልክላቸው ራሳቸው የሆነ ነገር ፈልገው ይሞሉታል።

ከሰዓት በኋላ አለቀ። አራቱን ጥያቄ መልሷል። ውሃ፦ የኅዳር ጠል ብቻ። ዘሩን የሚበትን፦ ጎርፍ። የሚበላው፦ ቆቅ። ሲቆረጥ፦ ሥሩ ይተኛል እንጂ አይሞትም። ሰው የቀበረው ዘር ግን ሃያ ዓመት አፈር ውስጥ ሳይበቅልም ሳይበሰብስም ይቆያል፤ የሚበቅለው የቀበረው ሰው ራሱ በእጁ ሲያወጣው ብቻ ነው። ጠጪውን አያስለፈልፈውም። ጽዋውን ይዞ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ እውነቱን ራሱ እስኪናገር ይጠብቁታል። የዳይሱን ሕግ ብሩክ ያስተካክለዋል። ጠረጴዛቸው ላይ የሚቀመጠው ተልባ ይሆናል።

ዓርብ

ተልባ ልገዛ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ገባሁ። ነገ ማለዳ አማቻቸው ሁለት በቅሎ ይዞ በእግሩ ወደ አምበር ይሄዳል፣ ኑግ ሊጭን። እዚያው አድሮ እሑድ ይመለሳል። ከሰኞ ጀምሮ ዛሬ ገና በደንብ ተነፈስሁ።

ደብዳቤ ያደርስልኝ እንደሆነ ጠየቅሁ። ሐጂ ፊቴን አይተው ሚዛኑን አስቀመጡ።

«የሐዘን ነው?»

«እንዳይሆን ነው፣ ሐጂ።»

አማቻቸውን ከጓዳ ጠርተው የመምህሯን ቤት አሳዩት፣ ስሟን ሦስት ጊዜ አስደገሙት፣ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ አስጠነቀቁት። የተልባውን ዋጋ አልቀበልም አሉ።

አሁን የቀረው ደብዳቤው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌአለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ጽፌ አላውቅም። ከአንድ ዓረፍተ ነገር በኋላ ተነሥቼ ደጅ ወጣሁ። ተመልሼ ጨረስሁት። አልቀደድሁትም።

ቅዳሜ

ሰውየው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በደጄ አለፈ። ፖስታውን ደረት ኪሱ ሲከት፣ ተልባውን በቅሎዋ ላይ ሲያስር ቆሜ አየሁ። አዲሱ ገጽ ከደብዳቤው ጋር ታጥፏል። የደብዳቤው ቅጂ ይኸው።

ይታይሽ፣

ምን ሆንን ብለሽ ጠይቀሽኛል። ልመልስልሽ።

አሥረኛ ክፍል ሳለሽ ከእኔ ክፍለ ጊዜ በኋላ ታመሽ ነበር። አፍሽ ደረቀ፤ ደብተርሽን ማንበብ አቃተሽ፤ የሌለ ክር ከአየር ላይ ትለቅሚ ነበር። ሁለት ቀን ተኛሽ። ሰው ሁሉ ከቤት ቋጥረሽ የመጣሽው ሽሮ ተበላሽቶ ነው አለ። አልነበረም። የዚያን ቀን ካመጣኋቸው ቅጠሎች አንዱ ይኸው አስተናግር ነበር። ላሳያችሁ እንጂ ላስቀምሳችሁ አልነበረም፤ ግን ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሰፌድ አስቀመጥሁት፤ አላስጠነቀቅሁም። አንቺም ቅመሱ ካልኋችሁ አንዱ መስሎሽ ቀመስሽው፤ ከምላስ ጫፍ ብዙም አላለፈም።

ርእሰ መምህሩ ሲጠይቁኝ ሽሮው ይሆናል አልሁ። እናትሽ ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ይቅርታዋን ተቀበልሁ። አጠገብሽ ካለች ይህን አንብቢላት። እግሬ እስኪችልና መንገዱ እስኪከፈት ነው እንጂ ራሴ መጥቼ እነግራታለሁ።

አሁን የምታደርጊው ይህ ነው። ያመጣችሁት ካለ አታቃጥሉት፤ ቅበሩት። የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። አስቀድሞ የቀመሰ ካለ ምልክት አትጠብቁ፤ ቅጠሉን ይዛችሁ ወዲያው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በምትኩ አዲስ ገጽና ተልባ ልኬአለሁ። አፍልታችሁ ጠጡ፤ ጨዋታችሁ አይቋረጥ።

የያዛችሁትን ቅመሱ የሚለውን ሕጌን ከዛሬ ጀምሮ ለተማሪዎችሽ እንዳታስተምሪ። ተሳስቼ ነበር።

ደብዳቤውን የሚሰጥሽ ሰው አምበር ያድራል። መልስሽን ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። እንደደረሰሽ የሚያሳውቅ አንድ ቃል ይበቃኛል። ልትቆጪኝ ከፈለግሽም ቁጣሽን ጻፊው፣ አነበዋለሁ። ብቻ ለነገ አታሳድሪው፤ ዛሬውኑ መልሺልኝ።